ሚዛኑ ያውቃል?

ዝም ብላችሁ ስሙኝ አልልም፤ እያወራችሁም ስሙኝ። ዝምታችሁን ከአሁኑ አታባክኑት፣ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

ከብዙ ተራራ ወዲያ አንድ አገር ነበረ። ስሙን አልናገርም፤ ብናገር ከመካከላችሁ አንዱ «የአጎቴ አገር ነው» ብሎ ይጣላኛል። አገሩን ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል። ከወንዙ ወዲህ ቤተ መንግሥቱ፣ ገበያውና ትልቁ ትምህርት ቤት፤ ከወንዙ ወዲያ ድሃው። ድልድይ የሚባል ነገር የለም። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ሰው ይወስዳል፤ ሹማምንቱም «ዘንድሮም ወንዙ አስቸገረ» ይሉና ወደ ምሳቸው ይሄዳሉ።

ያ አገር ደግ ሕግም ነበረው፤ በጎ ሥራን መደበቅ ነውር ነው። የድሃ ልጅ መማር ከፈለገ ንጉሡ ያስተምረዋል። መኝታው፣ ቀለቡ፣ የመምህሩ ድካም ሁሉ ከግምጃ ቤት ይወጣል። ይህን «የቀለም ድርጎ» ይሉታል። ድርጎውን ማግኘት ቀላል ነበር፤ ጭንቁ ይዞ መቆየቱ ላይ ነው።

ድርጎውን ያቋቋመው ንጉሥ አንድ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበረው ይባላል። ሰውየው በሚዛን ያላየውን ነገር አያምንም። ጨው ይመዘናል፣ ማር ይመዘናል፣ ቅቤ ይመዘናል፤ «ትምህርትን ምን ልዩ አደረገው?» አለ። ተማሪ ሲማር አንድ ነገር ወደ ውስጡ ይገባል፤ የገባ ነገር ደግሞ ሳይመዝን አይቀርም። ስለዚህ የተማረ ይጨምራል፤ ያልጨመረ አልተማረም። ድህነትም ያው ነው። ድሃ የሚበላው የለውም፤ የሚበላው የሌለው አይጨምርም። ስለዚህ የጨመረ ወላጅ ከድህነት ወጥቷልና ልጁን በራሱ ያስተምር። ንጉሡ ይህን ሲሰማ ከዙፋኑ ተነሥቶ አጨበጨበ። ያጨበጨበው ሳይገባው ይመስለኛል።

እንግዲህ በየመንፈቁ ምዘና አለ። ተማሪው ካለፈው መንፈቅ ከብዶ መገኘት አለበት፤ እናትና አባቱ ደግሞ ካለፈው መንፈቅ ሳይከብዱ። አንዱ ከተሳሳተ ድርጎው ይቆማል፣ ልጁም ዕቃውን ጠቅልሎ ወንዙን ይሻገራል። ከምዘና የቀረ ወላጅ ሀብት ደብቋል ይባላል። አሁን አስቡት፤ በአንድ ገበታ ዙሪያ ልጅ እየወፈረ ወላጅ እየከሳ የሚኖርበትን ቤት። እናት ጉርሻውን ወደ ራሷ አፍ ስታነሣ ትደነግጥና ወደ ልጇ አፍ ትመልሰዋለች። እኔ ይህን ባነሣሁ ቁጥር ያናድደኛል፤ ሆኖም ታሪኩ እንዲህ ነው።

ሹማምንቱስ? አንድ የጭስ ሹም ነበር። ኮረብታ ላይ ተቀምጦ ከየድሃው ጎጆ በቀን ስንት ጊዜ ጭስ እንደሚወጣ ያያል፤ ጭስ የበዛበት ቤት ጥጋብ አለበት። አንድ የጉንጭ ሹምም ነበር። በየደጁ እየዞረ የወላጆችን ጉንጭ ይቆነጥጣል፣ ማን እንደሳቀም ጎረቤት ይጠይቃል። ድሃ ምን አግኝቶ ይስቃል? ከሁሉም በላይ ሊቀ ሚዛን ድፋባቸው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከሕጉ ውጭ ምንም ነገር ታይቷቸው የማያውቅ፣ ሕጉን ግን እንደ ዳዊት የሚደግሙ ሰው ነበሩ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የተማሪውን ደግሞ ስሙ። ምዘናው ሲቃረብ ትምህርቱን ይተውና ይተኛል፤ ላብ ካላበው ያጠናው ሁሉ በላብ ይወጣበታላ! ቂጣ በሽሮ ይቆልላል፣ የምዘናው ጠዋት ውሃ በቅል በቅል ይጨልጣል፣ በልብሱ ጠርዝ ጠጠር የሚሰፋም አይጠፋም። መምህራኑም «ልጆች፣ አደራ፣ ብዙ አታስቡ፤ ማሰብ ያከሳል» እያሉ ይመክራሉ። የክፍሉን አንደኛ ለማወቅ ከፈለጋችሁ ማን ቀድሞ በር ላይ እንደሚጣበቅ ማየት ነው። ሁሉም ነገሩን ያውቃል፣ ሁሉም ያላወቀ ይመስላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው።

ሚዛኑ በአደባባዩ መካከል የቆመ ነው። በሬ የሚያስተኙ ሁለት ሳህኖች፣ እነሱን የሚሸከም ትልቅ ግንድ፣ ግንዱን የሚቆልፍ የብረት መቀርቀሪያ አለው። በአንዱ ሳህን ሰው ይወጣል፤ በሌላው ጥርብ ድንጋዮች ይጫናሉ። መቀርቀሪያው ግን እንዲያው አይሳብም። አንድ ጥንታዊ ልማድ አለ፤ ከጨው ነጋዴዎች የመጣ ነው። ጨው ሲመዘን ሻጭም ገዢም በሚዛኑ ካልተስማሙ አይፈታም ነበር። እዚህም ከበሮ ይመታል፣ ጠያቂ የሚባለው ሹም ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሚዛኑ ያውቃል?» ይላል፤ ሕዝቡ «ያውቃል!» ይላል። ሦስት ጊዜ። ሦስቱ መልስ ሳይሰማ መቀርቀሪያው አይነካም። ከበሮው ከተመታ በኋላም ሦስቱ መልስ እስኪሟላ ድረስ ማንም ሹም መቀመጥም መሄድም አይችልም። አንድ ዓመት ነጎድጓድ ሦስተኛውን «ያውቃል» ቢውጠው ሁሉንም እንደ አዲስ አስጮኋቸው። ሌላ ዓመት ደግሞ ከበሮ ሳይመታ በረዶ ወረደና ምዘናው ቀረ። ሕጉ «መጥቶ ሳይመዘን የተመለሰ በነበረበት ይረጋል» ስለሚል ያን መንፈቅ ሁሉም ድርጎውን ይዞ ከረመ። ያን ክረምት ወላጆች ጠግበው በሉ፤ እስከ ዛሬ «የበረዶ ዓመት» እያሉ ያስታውሱታል።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ።

ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች፤ የታንኳ ቀዛፊው የቸኮልና የሚስቱ የደብሪቱ አንድ ልጅ። የምትማረው የድልድይ ሥራ ነው። አያቷን ወንዝ ወስዷቸዋል፤ ልጅ ሆና በወንዙ ዳር ተቀምጣ «ለምን በላዩ አንሄድም?» ስትል ሰው ይስቅባት ነበር። መምህሯ ገላው ግን አልሳቁም። «በላዩ ለመሄድ ምን እንደሚያስፈልግ አስተምርሻለሁ» አሏት። ተምራ የጨረሰች ተማሪ ከመምህሯ እጅ ቱንቢ ትቀበላለች፤ ግንብ መቆሙንና መዝመሙን የሚለይ በክር የሚንጠለጠል የእርሳስ ብረት ነው። ቱንቢ የሌለው ሰው በዚያ አገር ድንጋይ በድንጋይ ላይ አያስቀምጥም። ለትርንጎ የቀራት አንድ ምዘና ብቻ ነበር።

ምዘናው ሲቃረብ ወንዙን ተሻግራ ቤቷ መጣች። እናቷ በር ላይ ጋቢ እስከ አገጯ ተከናንባ ጠበቀቻት። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

«እማዬ፣ በዚህ ሙቀት ጋቢ?»

«ብርድ ብርድ አለኝ፣ ልጄ።»

«እስቲ ልይሽ። ወባ ነው?»

«ወባ ብቻ በሆነልኝ!» አለችና ደብሪቱ ጋቢዋን ገለጥ አደረገችው።

ትርንጎ ሆዷን አየች፣ ፊቷን አየች፣ ተመልሳ ሆዷን አየች። ከዚያ ሳቀች፤ ከልቧ።

«ኧረ ቀስ በይ! የጉንጭ ሹሙ ይሰማል!» አለች እናቷ፣ እሷም ሳቋን በእጇ እያፈነች። ትንሽ ቆይታ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ከአንቺ በኋላ ስንት ዓመት ለመንኩት፣ ዝም አለኝ። አሁን ያንቺ መጨረሻ ሲደርስ ሰጠኝ። ተመስገን ልበል ወይስ ምን ልበል፣ ግራ ገባኝ።»

«ተመስገን ነው እንጂ የሚባለው!»

«ግድ የለሽም፣ ዘዴ አለኝ። ከእንግዲህ እህል በአፌ አይዞርም። እሱ በጨመረ ቁጥር እኔ እቀንሳለሁ፤ ሲደመር ያው ነው።»

የትርንጎ ሳቅ ጠፋ። «እማዬ፣ እሱስ ምን በልቶ ይጨምራል?»

ደብሪቱ ጋቢዋን መልሳ ተከናነበች።

ትርንጎ በማግስቱ ወደ ሊቀ ሚዛን ድፋባቸው ሄደች። ሰውየው ጢማቸውን እየደባበሱ ተቀበሏት።

«ጌታዬ፣ እናቴ ነፍሰ ጡር ናት።»

«እንኳን ደስ ያላችሁ። ከብዳለች?»

«ነፍሰ ጡር ናት እኮ፣ ጌታዬ።»

«እሱን ሰማሁ። ከብዳለች ወይ ነው ያልኩሽ።»

«ከብዳለች። የጨመረው ግን የልጁ ነው እንጂ የሷ አይደለም።»

ሊቀ ሚዛን አሰቡ። ሲያስቡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ነበሩ፤ ምናልባት ከሕጉ ሌላ ነገር እንዳይታያቸው ይሆናል። «ሕጉ ‹እናት ትመዘን› ይላል» አሉ በመጨረሻ፤ «በውስጧ ማን እንዳለ አይልም።» ከዚያ ደግሞ አዘኑላት። «እኔ ሰው መጉዳት አልወድም። አንድ መላ አለ። የምዘናው ዕለት ፅንሱን ቤት ትታው ትምጣ፤ ሲያልቅ ትመለስበታለች።»

ትርንጎ የሚቀልዱ መስሏት ፊታቸውን አየች። አይቀልዱም።

«ጠባቂ ካጣችሁም» አሉ ጨምረው፣ ከልባቸው፣ «የጭስ ሹሙን እነግረዋለሁ፤ ከኮረብታው ላይ ያይላችኋል።»

ትርንጎ እጅ ነሥታ ወጣች። እስከ ወንዙ ድረስ እየሳቀች ሄደች ይላሉ አንዳንዶች፤ እኔ የሰማሁት ግን እያለቀሰች እንደሄደች ነው። ሁለቱም ሊሆን ይችላል።

በወንዙ ዳር አባቷን የሚያግዝ አንድ ወጣት ነበር፤ አስናቀ ይባላል። ባለፈው መንፈቅ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥ ተማሪ ነበር። ወባ ያዘውና ከሳ፤ ሚዛኑም «ትምህርቱ ጎድሏል» ብሎ አወረደው። አሁን ገመድ ይጎትታል። ትርንጎ በታንኳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የሊቀ ሚዛንን መላ ስትነግራቸው አባቷ ቸኮል መቅዘፊያውን በውሃው ላይ በጥፊ መታ። አስናቀ ግን ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

«እኔን የሚያቃጥለኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለ። «ያን ዕለት ትኩሳቱ ሳይለቀኝ አደባባይ ቆምኩ። ጠያቂው ‹ሚዛኑ ያውቃል?› ሲል ከሁሉ አስበልጬ ‹ያውቃል!› ያልኩት እኔ ነኝ። ሦስቴ። ከዚያ ወጣሁ፣ አወረደኝ።»

«ለምን አልክ?»

«ሁሉም ስለሚል ነዋ።»

ትርንጎ ከታንኳው ጠርዝ ብድግ አለች። «ሁሉም ባይልስ?»

«ማን ይደፍራል?»

«ምን ድፍረት አለው? ጩኹ አልኩ እንዴ? ዝም እንበል ነው ያልኩት። ካልመለስን መቀርቀሪያው አይሳብም። ካልተመዘንን በነበርንበት እንረጋለን። ሕጋቸው ነው።»

ያን ቀን ማምሻውን ነገሩን ለደብሪቱ ነገሯት። ደብሪቱ ብልህ ሴት ናት፤ ወዲያው የጎደለውን አየች። «ሰው ዝም ልበል ቢልም አፉ እሺ አይለውም» አለች። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ስንት ዓመት ያልነውን ቃል ጠያቂው ገና ሲጀምር አፋችን ይወረውረዋል። የአፍ ወለምታ ደግሞ በቅቤ አይታሽም። የሚያስቸግረን ባዶ አፍ ነው።»

«ታዲያ ምን እናድርገው?» አለ ቸኮል።

«እንሙላው!»

እንግዲህ የድርጎ ተማሪዎች ወላጆች በሙሉ ከወንዙ ማዶ ናቸው፤ ለምዘና የሚሻገሩትም በቸኮል ታንኳ ነው። በምዘናው ዋዜማና በዕለቱ ማለዳ እየጫነ፣ ወንዙ መካከል ሲደርስ መቅዘፉን ያቆማል።

«ምነው ቸኮል፣ ቅዘፍ እንጂ!» ይሉታል።

«ቸኮል ስሜ ነው እንጂ እኔ አልቸኩልም። አንድ ነገር ልንገራችሁ።» ይነግራቸዋል። ጆሮ ጠቢ በሌለበት፣ ውሃ በከበበው ቦታ፣ ሁሉን ይነግራቸዋል።

«ድርጎውን ቢያቆሙብንስ?» አለች አንዲት እናት፣ ጥለት የሌለው ነጠላዋን እያጠበቀች። የመጨረሻ ልጇ ገና አንደኛ ዓመቱ ነበር።

«የበረዶውን ዓመት ረሳሽው፣ እትዬ?»

«እሱስ በረዶ ነበር።»

«እኛ ከበረዶ እናንሳለን?» አለ ቸኮል።

ሴትየዋ ከታንኳው ስትወርድ ከባሏ ጋር ተያይተው ወደ ዳቦ ሻጮቹ ታጠፉ። ከስንት መንፈቅ በኋላ ዳቦ ሲገዙ የመጀመሪያቸው ነበር።

የምዘናው ቀን ደረሰ። አደባባዩ ሞላ። ተማሪዎች በአንድ ወገን፣ በውሃ የተነፋ ሆዳቸውን ይዘው፤ ወላጆች በሌላው ወገን፣ ነፋስ የሚወስዳቸው መስለው። በመካከላቸው ደብሪቱ ቆማለች። ጋቢ የለም፣ መከናነብ የለም፤ ሆዷን ወደ ፊት አስቀድማ፣ ቀሚሷን አጥባ፣ ቀጥ ብላ። የጉንጭ ሹሙ ሲያያት ለመቆንጠጥ ጣቶቹን አዘጋጀ።

ከበሮ ተመታ። ሹማምንቱ ተነሥተው ቆሙ። ጠያቂው ደረቱን ነፍቶ፣ «ሚዛኑ ያውቃል?» አለ።

ዝም።

ጠያቂው ያልሰሙት መሰለው። ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ሚዛኑ ያውቃልን?» አለ፤ አሳምሮ።

ያን ጊዜ ከወላጆቹ ወገን አንድ ድምፅ ተሰማ። ቀስ ያለ፣ ብዙ፣ እርጥብ ድምፅ። እያኘኩ ነበር። እያንዳንዱ እናት፣ እያንዳንዱ አባት ከነጠላው ጫፍ ዳቦ ፈትቶ አፉን ሞልቶ ያኝካል። አንድ ሽማግሌ ልማድ አሸንፏቸው «ያው—» ብለው ሲጀምሩ ሚስታቸው ሌላ ቁራሽ ጨመሩላቸው። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ የዚያን ቀን ዝምታ ግን ዳቦ ነበር። ተማሪዎቹም አላሉም። ወላጆቻቸው ሲበሉ ለመጀመሪያ ጊዜ እያዩ ማን ይናገራል? አንዳንዱ ያለቅስ ነበር።

«ይበላሉ!» አለ የጉንጭ ሹሙ። «ጌታዬ፣ ድሆቹ ይበላሉ!»

«አያለሁ» አሉ ሊቀ ሚዛን። «ይመዘኑ!»

«መቀርቀሪያው አይሳብም፣ ጌታዬ። አልመለሱም።»

«እንግዲያስ ይሰናበቱ!»

«ከበሮ ተመቷል፣ ጌታዬ። ካልመለሱ እኛም መሄድ አንችልም።»

ሊቀ ሚዛን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሕጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በልባቸው ሄዱበት፤ መውጫ የለውም። ጠያቂው ደጋግሞ ጠየቀ። ድምፁ ሰለለ፣ ከዚያ ተዘጋ። ፀሐይ ከፍ አለች፣ አናት ላይ ደረሰች። ወላጆቹ መቆም የለመዱ ናቸው፤ ረኃብም ቢሆን የቆየ ወዳጃቸው ነው፣ ያውም ዛሬ ጠግበዋል። ሹማምንቱ ግን ምሳ አሳልፈው አያውቁም። የጭስ ሹሙ መጀመሪያ በአንድ እግሩ፣ ቀጥሎ በሌላው ቆመ። የጉንጭ ሹሙ በሚዛኑ ግንድ ላይ ተደገፈ፤ መደገፍ ሕጉ አልከለከለም።

ጥላው ሲዞር ሊቀ ሚዛን ድፋባቸው በቀስታ ወደ ደብሪቱ ተጠጉ። ዓይናቸው እጇ ላይ ነው።

«እመቤት» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እሱ ዳቦ… ትርፍ አለው?»

ደብሪቱ ቆርሳ ሰጠቻቸው። የእናት ነገር፤ የተራበ ስታይ አትጠይቅም። ሰውየው እዚያው ቆመው በሉ። ሲበሉ አደባባዩ ሁሉ ያያቸዋል። ውጠው ሲጨርሱ ፊታቸው የተለወጠ መሰለኝ፤ ወይም የሚነግሩኝ ሰዎች እንዲለወጥ ፈልገው ይሆናል።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አሉ።

ትርንጎ ከተማሪዎቹ መካከል ወጣች። «አንድ ጊዜ እንደገና እንዲጠየቅ፣ ጌታዬ። እንመልሳለን።»

«ያውቃል ልትሉ?»

«የምናምነውን ልንል።»

«ሕጉ…» ብለው ጀመሩ።

«ሕጉ ‹ሕዝቡ ሦስቴ ይመልስ› ይላል» አለች ትርንጎ፤ «ምን ብሎ እንደሚመልስ አይልም።»

ሊቀ ሚዛን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፈለጉት፤ እውነትም አይልም። ዓይናቸውን ሲከፍቱ ለጠያቂው ራሳቸውን ነቀነቁለት። ጠያቂው በተዘጋ ጉሮሮው፣ እንደሚለምን ሰው፣ «ሚዛኑ… ያውቃል?» አለ።

ደብሪቱ የመጨረሻዋን ጉርሻ ዋጠች።

«አያውቅም!» አለች።

አንድ ድምፅ ነበር፤ የአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ድምፅ። ሁለተኛው ጥያቄ ሳያልቅ ግን አደባባዩ ሁሉ «አያውቅም!» አለ። አባቶች አሉት፣ እናቶች አሉት፣ ነጠላዋን ያጠበቀችው ሴትም አለችው። በሦስተኛው ላይ ከሁሉ በላይ የተሰማው አስናቀ ነበር። የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ እንባው እየወረደ፣ «አያውቅም!» ሲል በቤተ መንግሥቱ ጣራ ላይ ያረፉት ርግቦች ተነሥተው በረሩ። እልልታው ወንዙን ተሻገረ። ማዶ የቀሩት ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው እልል አሉ።

ሦስቱ መልስ ተሟልቷልና ሊቀ ሚዛን መሬት ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ሕጉ ፈቀደላቸው። መቀርቀሪያውን የሚስብ አልነበረም፤ አያውቅም የተባለ ሚዛን ማን ይፈታል? መጥቶ ያልተመዘነ በነበረበት ይረጋል። ሁሉም ረጉ። ተቀምጠው እግራቸውን እያሹ ሰውየው በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሕጉ ውስጥ የሌለ ጥያቄ ጠየቁ።

«ታዲያ ማን ያውቃል?»

«ይጠይቁኝ» አለች ትርንጎ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«ድልድይ መሥራት።»

«ማወቅሽን በምን አምናለሁ?»

«ሲሻገሩበት።»

ከዚያ በኋላ በዚያ አገር ተማሪ የሚፈተነው ተጠይቆና ሥራው ታይቶ ሆነ። ድሃም ጠግቦ ቢያድር ድርጎው አልተነካም፤ ያኔ በዙፋኑ ላይ የነበረው የፊተኛው ንጉሥ ልጅ ሲነገረው እንደ አባቱ ተነሥቶ አጨበጨበ፣ ይሄኛውስ የገባው ይመስለኛል። አስናቀ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ደብሪቱ ወሯ ሲደርስ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ከባድ፣ ጉንጩ የሞላ። የጉንጭ ሹሙ መጥቶ ጉንጩን ቆነጠጠና ሳቀ። አሁን የሕፃናትን ጉንጭ ብቻ ይቆነጥጣል፤ ለዚህ ሹመት አያስፈልገውም።

ትርንጎ ቱንቢዋን ከመምህር ገላው እጅ ተቀበለች። በጋውን ሙሉ ሠራች። ለመሠረቱ ጠንካራ ድንጋይ ሲቸግራት ወደ አደባባዩ ሄደች፤ ሥራ ፈትተው የተቀመጡ፣ አሳምረው የተጠረቡ ድንጋዮች እዚያ ነበሩ። ስንት ልጅ ወንዙን እያለቀሰ እንዲመለስ ያደረጉት የሚዛን ድንጋዮች ከወንዙ ሥር ገቡና ድልድዩን ተሸከሙት። ክረምት መጣ፣ ወንዙ ሞልቶ ደነፋ፣ ድልድዩም ቆመ።

መጀመሪያ የተሻገረችው ደብሪቱ ናት። ልጁን በጀርባዋ አዝላ፣ እህል በራሷ ላይ ተሸክማ፣ በዕድሜዋ ከሁሉ ጊዜ በላይ ከብዳ። ባሏ ከኋላዋ መቅዘፊያውን እንደ ምርኩዝ ይዞ ይከተላል። በማዶኛው ጫፍ ሊቀ ሚዛን ድፋባቸው ቆመው ነበር። አንድ እግራቸውን አነሡና መለሱት።

«ልጄ» አሉ ትርንጎን፣ «ይህ ነገር ምን ያህል የከበደ ሰው ነው የሚያሳልፈው?»

«የመጣውን ሁሉ፣ ጌታዬ።»

ሰውየው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከዚያ ከፈቱ፤ ተሻገሩም።

እኔ የሰማሁትን አወራሁ። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱም አልላችሁም፤ ዳቦውን ለራሳችሁ ያዙት። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። እናንተ አገር እንዲህ ያለ ሚዛን የለም፣ አይደል?

ዝም አላችሁ። መልካም። እነሱም የጀመሩት እንዲሁ ነው።